3,200 መጽሐፍ ያለው የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በምን ዓይነት ክፍሎች ይደራጅ?

ላይብረሪያኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት (ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል) ቤተ መጻሕፍት በክረምቱ እንደገና ሊደራጅ ነውና ሙያው ያላችሁ እርዱኝ። ያለው በቅጂ ሲቆጠር 3,200 ያህል ነው። 1,100ው የተማሪ መማሪያ መጽሐፍ ነው። 900ው አማርኛ ሲሆን ግማሹ ልብ ወለድ ነው። 1,000ው እንግሊዝኛ ነው፤ አብዛኛው በእርዳታ የመጣ። የቀረው 200 አፋን ኦሮሞ፣ ግእዝና የልጆች መጽሐፍ ነው። አንድ የብራና መጽሐፍም አለ።

እስካሁን የተደረደሩት በመዝገብ ቁጥራቸው ነው፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ተሰልፏል። ስለዚህ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ስድስት ቦታ ተበትኖ ይገኛል፣ ሠራተኛው ካላስታወሰው ደግሞ ጭራሽ አይገኝም። ጥያቄዬ ሦስት ነው። በዲዊ (መጽሐፍን በርዕሰ ጉዳዩ ቁጥር እየሰጠ በሚመድበው ሥርዓት) ልሂድ ወይስ በትምህርት ዓይነት ብቻ ልለይ? አማርኛውና እንግሊዝኛው አብረው ይደርደሩ ወይስ ይለያዩ? የአማርኛ ደራስያንን በፊደል ተራ ሳስቀምጥ ሀ፣ ሐ እና ኀን ምን ላድርጋቸው? ኤክሴል ላይ ሞክሬው አንድ ደራሲ ሦስት ቦታ ወጣ።

ካታሎገር፦
ሰላም እህቴ። ዲዊን ከመክፈትሽ በፊት ቁጥር የማያስፈልጋቸውን ከመንገድ አውጪ። ሁሉንም ጠረጴዛና ወለል ላይ አውርደሽ በክምር ለዪ፤ መማሪያ መጽሐፍ ለብቻ፣ ማጣቀሻ (መዝገበ ቃላት፣ ኢንሳይክሎፒዲያ፣ አትላስ) ለብቻ፣ ልብ ወለድ ለብቻ፣ የልጆች ለብቻ። እነዚህ በአጭር የፊደል ምልክትና በደራሲ ስም ወይም በክፍል ደረጃ ይደረደራሉ። የሚቀርሽ ልብ ወለድ ያልሆነው ብቻ ነው፤ ባልሽው አኃዝ ከ1,200 እስከ 1,300 ቢሆን ነው። የዲዊ ቁጥር የሚሰጠው ለዚህ ነው። 3,200ውን ሁሉ ቁጥር ልስጥ ብሎ የጀመረ ሥራ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ከዚያ ግማሹ በአዲስ፣ ግማሹ በድሮ ሥርዓት የሆነ ቤተ መጻሕፍት ይቀራል። ይሄ ከበፊቱም የከፋ ነው።

በትምህርት ዓይነት ብቻ መለየት (ፊዚክስ፣ ታሪክ፣ ሒሳብ እያሉ) መጀመሪያ ላይ ይመቻል። ችግሩ የሚመጣው ከሥርዓተ ትምህርቱ ውጭ ያለ መጽሐፍ ሲገባ ነው። የንብ እርባታ ባዮሎጂ ነው? ስለ ሱስ የተጻፈው ሥነ ዜጋ ነው? "ልዩ ልዩ" የሚል መደርደሪያ ይከፈታል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሁሉም የሚሰፋው እሱ ይሆናል። ዲዊ ለእያንዳንዱ ቦታ ስላለው "ልዩ ልዩ" አያስፈልገውም።

ሜልቪል ዲዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው አሥር ዐቢይ መደብ እስካሁን መልኩን አልቀየረም፦ 000 ጠቅላላ እውቀትና ኮምፒውተር፣ 100 ፍልስፍናና ሥነ ልቦና፣ 200 ሃይማኖት፣ 300 ማኅበራዊ ጉዳይ (ሕግ፣ ኢኮኖሚ፣ ትምህርት)፣ 400 ቋንቋ፣ 500 የተፈጥሮ ሳይንስና ሒሳብ፣ 600 ጤና፣ ግብርናና ቴክኖሎጂ፣ 700 ሥነ ጥበብና ስፖርት፣ 800 ሥነ ጽሑፍ፣ 900 ታሪክና ጂኦግራፊ። ለእናንተ መጠን አጭሩ የዲዊ እትም ይበቃል፤ የተዘጋጀው እስከ 20,000 ርዕስ ላላቸው ቤተ መጻሕፍት ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሥርዓት (በላቲን ፊደል የሚጀምረው፣ 21 መደብ ያለው) ለትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን ተይው፣ አዲስ ለሚመጣ ሠራተኛ ለማስተማር ይከብዳል።

ለጀማሪ ትልቁ መሰናክል ዲዊ መጽሐፉ "ስለ ምን" እንደሆነ ብቻ ሳይሆን "ከየት አንጻር" እንደተጻፈም መጠየቁ ነው። ቡናን ውሰጂ። ስለ አተካከሉና ስለ በሽታው የሚያወራ መጽሐፍ 633.73 ላይ ይገባል፤ ግብርና ነው። ስለ ቡና ምርት ኢኮኖሚ የሚያወራው 338.17373 ነው። ቡናን እንደ ምግብና መጠጥ የሚያየው 641.3373 ነው። ሦስቱም "ቡና" የሚል ሽፋን አላቸው፣ ቦታቸው ግን ይራራቃል። ስለዚህ በርዕስ ብቻ ቁጥር አትስጪ፤ በተለይ የአማርኛ ርዕስ ቅኔ ይወዳል፣ ልብ ወለድ መስሎሽ ያነሳሽው ግለ ታሪክ ሆኖ ይገኛል። መቅድሙንና ማውጫውን ማየት ሁለት ደቂቃ ነው። ከዲዊ ኋላ ያለው የርዕስ ማውጫም መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም፤ እዚያ ያገኘሽውን ቁጥር ዋናው ሠንጠረዥ ውስጥ ገብተሽ አረጋግጪ።

ቁጥሩን ምን ያህል ላርዝመው ለሚለው እንዲህ አድርጊ፦ በአንድ ቁጥር ስር ከ25 እስከ 30 ርዕስ ካልሞላ አታርዝሚ። ለፊዚክስ 530፣ ለኬሚስትሪ 540፣ ለአልጀብራ 512 ይበቃል። የኢትዮጵያ ታሪክ (963) ግን ያለ ጥርጥር ይሞላል፣ እሱን ከመጀመሪያው ከፍዪ። የዓድዋ ጦርነት 963.043 ነው፣ የ1928ቱ የጣሊያን ወረራ 963.056፣ ከ1966 ወዲህ ያለው 963.07፣ ኤርትራ 963.5።

መጽሐፍ በብዛት የሚሳሳትበት ቦታም እዚሁ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው አስርዮሽ ነው፣ እንደ ሙሉ ቁጥር አይቆጠርም። 963.056 ከ963.5 ይቀድማል፤ 963.07 ደግሞ ከ963.056 ቀጥሎ ይመጣል። "56 ከ7 ይበልጣል" ብሎ የሚደረድር ሠራተኛ የታሪክ መደርደሪያውን በአንድ ሳምንት ያመሰቃቅለዋል። መጽሐፍ ለሚመልሱ ሰዎች ሁሉ አሥር ካርድ ላይ አሥር ቁጥር ጽፈሽ ቅደም ተከተሉን ካስያዝሻቸው በኋላ ብቻ ወደ መደርደሪያው ይግቡ።

ሀሌታው፦
የፊደሉን ጥያቄ እኔ ልያዘው፤ ካታሎግ በጥሩ ቁጥር ተሠርቶም ሰው መጽሐፉን የሚያጣው በዚህ ነው።

መጀመሪያ የስሙን ነገር። የኢትዮጵያ ደራሲ የሚመዘገበው በራሱ ስም ነው፣ በአባቱ ስም አይደለም። የካታሎግ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ አሠራርም ይህንኑ ነው የሚለው፤ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ባሕሩ ዘውዴን በ"ባሕሩ" እንጂ በ"ዘውዴ" አይመዘግብም። ደራሲው በእንግሊዝኛ ቢጽፍም ደንቡ አይለወጥም። ችግሩ የውጭ የመጻሕፍት ሻጮችና ብዙ የኢንተርኔት ካታሎጎች ስሙን ገልብጠው መጻፋቸው ነው፤ መረጃውን እንዳለ ከቀዱ አንዱ ደራሲ "ዘ" እና "በ" ላይ ለሁለት ይከፈላል። የፈረንጅ ደራሲ ግን በቤተሰብ ስሙ ነው የሚሄደው።

ማዕረግ አይቆጠርም። አቶ፣ ዶ/ር፣ አለቃ፣ ሼክ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ሻምበል ሁሉ በካታሎጉ ላይ ይጻፋል፣ በድርድሩ ላይ ግን እንደሌለ ይታለፋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ "በ" ላይ አይፈለጉም። ሌላው ጥምር ስም ነው፦ ወልደ ሥላሴ፣ ገብረ መድኅን፣ ኃይለ ማርያም አንድ ስም ናቸው። "ኃይለ ማርያም" ተብሎ ሲጻፍ "ማርያም"ን የአባት ስም አድርጎ የመዘገበ ብዙ ነው። ኃ/ማርያም፣ ገ/መድኅን፣ ወ/ሥላሴ የሚሉ አጽሕሮቶችን ሁልጊዜ ዘርዝረው ይጻፉ።

አሁን ሞክሼ ፊደላት። ኤክሴል ላይ ስሙ ሦስት ቦታ የወጣው ድርድሩ የፊደል ገበታውን ስለሚከተል ነው። በገበታው ሀሌታው ሀ ከመጀመሪያው አለ፣ ሐመሩ ሐ ከለ በኋላ ይመጣል፣ ብዙኃኑ ኀ ደግሞ ከቸ በኋላ። ኃይሌ፣ ሃይሌ እና ሐይሌ ለአንባቢ አንድ ሰው ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን በመካከላቸው እነ መኮንን፣ ሰሎሞን፣ ቀለመወርቅ፣ በቀለና ተስፋዬ ይገባሉ። ጸጋዬ እና ፀጋዬም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ላይ ሁለቱ ስለሚጎራበቱ ጉዳቱ ትንሽ ነው።

መፍትሔው የደራሲውን ስም ማረም አይደለም፤ ስሙ በመጽሐፉ የርዕስ ገጽ ላይ እንዳለ ይጻፍ። ከጎኑ "የድርድር ቁልፍ" የሚል ሌላ ዓምድ ይክፈቱ። ስሙን ወደዚያ ቀድተው ዓምዱን ብቻ መርጠው የፈልግና ተካ ትእዛዙን ያስኪዱ፦ ሐመሩ ሐ ሰባቱም ቅርጽ ወደ ሀሌታው፣ ብዙኃኑ ኀ ሰባቱም ወደ ሀሌታው፣ ንጉሡ ሠ ወደ እሳቱ ሰ፣ ዓይኑ ዐ ወደ አልፋው አ፣ ፀሐዩ ፀ ወደ ጸሎቱ ጸ። ይህ 35 ምትክ ነው። ግእዝና ራብዕ (አንደኛውና አራተኛው ቅርጽ) ድምፃቸው አንድ የሆነባቸው ሁለት ቦታዎች ስላሉ ሓ እና ኃን በቀጥታ ወደ ሀ፣ ዓን በቀጥታ ወደ አ ይቀይሩ፤ በተጨማሪ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ። ድምሩ 37 ምትክ ነው። ከዚያ የጥምር ስሞችን ክፍተት ይዝጉ፦ ቁልፉ "ህሩይ ወልደስላሴ" ይሆናል። በራሱ ስምና በአባቱ ስም መካከል ያለውን ክፍተት ግን አይንኩ። ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ሠንጠረዡ የሚደረደረው በዚህ ዓምድ ነው፣ ለሰው የሚታየው ግን ትክክለኛው አጻጻፍ ነው።

መደርደሪያው ላይም ያው ደንብ ይሠራል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአንድ ላይ በሀ ቦታ ይሰለፋሉ። ሐ የሚልበት ቦታ ላይ ትንሽ እንጨት ወይም ካርቶን አቁመው "ሐ፣ ኀ፦ ሀን ይመልከቱ" ብለው ይጻፉበት። ተማሪው ሐዲስ ዓለማየሁን ሐ ላይ ፈልጎ ካጣ "የለም" ብሎ ነው የሚሄደው፣ ሠራተኛ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ያች ካርቶን ናት የምትመልሰው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ዘመን። የአማርኛው መጽሐፍ 2010 የእንግሊዝኛው 2010 አይደለም፤ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያያሉ። በአንድ ዓምድ ውስጥ ያለ ምልክት ከተጻፉ የትኛው አዲስ እትም እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። በመጽሐፉ ላይ እንዳለ ይጻፉና ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይጨምሩበት።

አንባቢ፦
አማርኛና እንግሊዝኛ ይለያዩ ወይ ለሚለው መልስ ስላልተሰጠ ሐሳቤን ልስጥ። ልብ ወለዱ ያለ ክርክር ይለያይ፤ የአማርኛ ልብ ወለድ የሚፈልግ ሰው የሚፈልገው አማርኛ ነው። ልብ ወለድ ያልሆነው ግን በቁጥሩ አብሮ ቢደረደር ይሻላል እላለሁ። ስለ ዓድዋ የሚያጠና ተማሪ ሁለቱንም ቋንቋ ጎን ለጎን ማግኘት አለበት። ቋንቋውን የለየ ቤተ መጻሕፍት ተማሪውን በግማሽ መረጃ ይሸኘዋል። የሌብሉ (መጽሐፉ ጀርባ ላይ የሚለጠፈው ምልክት) የመጀመሪያ መስመር ቋንቋውን ይናገር እንጂ ለድርድር አይቆጠር። በአንድ ቁጥር ውስጥ በግእዝ ፊደል የተጻፈው ይቅደም፣ በላቲን ፊደል የተጻፈው (እንግሊዝኛውም አፋን ኦሮሞውም) ይከተል። ይህን ደንብ ካላስቀመጡ ሁለቱ የፊደል ተራዎች ተቀላቅለው ማንም ሊመልሳቸው አይችልም።

የሃይማኖት መጻሕፍትን በተመለከተ፣ 200ው መደብ በክርስትና ያደላ ነው፤ ከ220 እስከ 280 ያለውን ክርስትና ይዞታል፣ እስልምና ሙሉ በሙሉ 297 ውስጥ ታጭቋል። በእኛ አገር ይህ ሁለት ስሕተት ያመጣል። አንደኛው የኦርቶዶክስ መጽሐፍ ሁሉ 281.75 ላይ መከመሩ ነው። ያ ቁጥር የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ተቋም ለሚያጠኑ መጻሕፍት ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ 220 ነው፣ ትምህርተ ሃይማኖት 230፣ ሥርዓተ አምልኮ 264። ሁለተኛው እስልምናን 297 ላይ ሳይከፍሉ መተው ነው። ለክርስትናው ሦስት አኃዝ ከበቃ ለእስልምናው ነጥቡን አልፎ መሄድ ግድ ነው፤ ቁርአን ለምሳሌ 297.122 ነው። የአገር በቀል እምነቶች 299.6 ላይ ይገባሉ፤ እነሱን "ባህል" ብሎ 300 ውስጥ መጣል ትክክል አይደለም።

300 ውስጥ በትክክል የሚገባ፣ ሰው ግን 800 ላይ የሚፈልገው ሌላ ነገር አለ። ተረት 398.2፣ እንቆቅልሽ 398.6፣ ምሳሌያዊ አነጋገር 398.9 ነው። ዲዊ ደራሲ የሌለውን የቃል ሀብት ከሥነ ጽሑፍ ለይቶ ያስቀምጠዋል። 892.87 (የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ) መደርደሪያ ጫፍ ላይ "ተረትና ምሳሌ፦ 398" የሚል ጠቋሚ ይለጠፍ።

ካታሎገር፦
በታሪኩ እስማማለሁ፤ 963 አብሮ ይደርደር፣ ሃይማኖቱም። በ500 እና በ600 ግን እለያለሁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እዚያ አማርኛው ጥቂት ነው፣ ከ400 እንግሊዝኛ መሃል 20 የአማርኛ መጽሐፍ ተበትኖ ይጠፋል። ቀጭንም ስለሆነ ጀርባው አይታይም። ቁጥሩ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ግን ውሳኔው ዘላለማዊ አይደለም፣ በአንድ ቀን ሊቀላቀል ወይም ሊለይ ይችላል። ሊታረም የማይችለው ቁጥሩ ሲሳሳት ነው።

የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ቁጥሮችን ለመያዝ የሚረዳ ነገር፦ የመጀመሪያውን 4 በ8 መቀየር ነው። አማርኛ ቋንቋ 492.87፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87። ኦሮምኛ 493.55፣ ሥነ ጽሑፉ 893.55። ግእዝ ቋንቋ 492.81 ነው፣ ሥነ ጽሑፉ 892.81። ከሩሲያኛ ወደ አማርኛ የተተረጎመ ልብ ወለድ በዲዊ ሕግ በመጀመሪያ ቋንቋው 891.73 ነው፤ ነገር ግን እናንተ ልብ ወለድን በቁጥር ስለማትደረድሩ ከአማርኛው ልብ ወለድ ጋር በደራሲው የቤተሰብ ስም ይሰለፍ። ግለ ታሪክና የሕይወት ታሪክ 920 ላይ ሆኖ የሚደረደረው በጸሐፊው ሳይሆን በባለታሪኩ ስም ነው።

ጥራዝ፦
እኔ ስለ ሌብልና ስለ መደርደሪያው ልበል። ጥሩ የተመደበ መጽሐፍ ሌብሉ ሲወድቅ ተራ ወረቀት ነው የሚሆነው።

ሌብሉ አራት መስመር ይኑረው፦ ቋንቋ፣ ቁጥር፣ ከደራሲው ስም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት፣ የቅጂ ቁጥር። ለቋንቋ "አ" እና "እ" ብቻ እንዳትጽፉ፤ ከሁለት ሜትር ርቀት አይለዩም። "አማ"፣ "እን"፣ "ኦሮ"፣ "ግዕ" ይሁን። ለልብ ወለድ በቁጥሩ ቦታ "ልብ"፣ ለማጣቀሻ "ማጣ"፣ ለልጆች "ልጅ"። የደራሲው ፊደል የሚወሰደው ከድርድር ቁልፉ እንጂ ከሽፋኑ አይደለም፣ አለበለዚያ ሀሌታው የነገራችሁ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አበበ የሚባሉ አምስት ደራስያን ካሉ የአባት ስም አንድ ፊደል ይጨመር፦ "አበበ ተ"።

ሁሉም ሌብል ከመጽሐፉ ግርጌ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይለጠፍ። አንድ ከፍታ ላይ ከሆነ ዓይን በአንድ መስመር ይሮጣል፣ የተሳሳተው መጽሐፍ ራሱ ይታያል። ጀርባው ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ ቀጭን መጽሐፍ ሌብሉ የፊት ሽፋኑ የግራ ግርጌ ላይ ይሁን። ሌብል ከመለጠፉ በፊት ግን ያው ቁጥር በእርሳስ የርዕስ ገጹ ጀርባ ላይ ይጻፍ። ሌብል ይወድቃል፣ እርሳሱ ይቀራል።

በዱቄት ማጣበቂያ አትለጥፉ፣ በረሮና ብል ይጠራል። በላዩ ላይ ተራ ስኮች ማድረግም ለአንድ ዓመት ብቻ ነው የሚያምረው፤ ከዚያ ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ ሌብሉን ይዞ ይነሳል። የግድ ስኮች ከሆነ ሌብሉን በየአቅጣጫው አንድ ሴንቲ ሜትር አልፎ ሽፋኑን ይያዝ፣ ከመለጠፉ በፊት ሽፋኑ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። አቧራ ላይ የተለጠፈ ነገር ሁሉ ይላጣል።

መደርደሪያውን አስሉት። ከመማሪያው ውጭ 2,100 መጽሐፍ አለ። የአማርኛው አማካይ ውፍረት 1.8፣ የእንግሊዝኛው 2.8፣ የቀረው 1.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ድምሩ 47 ሜትር ያህል ይመጣል። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ደርብ ሩብ ያህሉ ባዶ ሲተውለት 67 ሴንቲ ሜትር ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ 71 ደርብ ያስፈልጋል። ስድስት ደርብ ባለው መደርደሪያ ሲከፈል 12 ነው። ግጥም አድርጎ የሞላ ደርብ ላይ አንድ መጽሐፍ ሲገባ ሁሉም ወደሚቀጥለው መገፋት ይጀምራል፤ ከዚያ ሠራተኛው ይደክመውና መጽሐፉን በአግድም ከላይ ያስተኛዋል። ድርድር የሚፈርሰው እንደዚህ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ በፍጥነት ስለሚያድግ ለእሱ ሩብ ሳይሆን ሲሶ ይተውለት።

የአንዱ ደርብ ከፍታ 30፣ ጥልቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር ይብቃ። የታችኛው ደርብ ከወለል 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ወለል ሲታጠብ ውኃው አይደርስበትም። ከግድግዳም 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ በክረምት እርጥበቱ በጀርባ በኩል ነው የሚገባው። በሁለት ረድፍ መካከል 90 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ይኑር።

የንባቡ አቅጣጫም ይነገር። ከላይኛው ደርብ ግራ ተጀምሮ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ታች፣ መደርደሪያው ሲያልቅ ወደሚቀጥለው መደርደሪያ ላይኛው ደርብ። ብዙ ቦታ የሚታየው ስሕተት የላይኛውን ደርብ ይዞ በአራት መደርደሪያ ላይ ማሻገር ነው፤ ያኔ 500 ሲፈለግ ክፍሉን በሙሉ መዞር ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ መደርደሪያ ጎን "500–549፦ ሳይንስ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ" የሚል ጽሑፍ በሰፊው ይለጠፍ። ቁጥር ብቻ የያዘ ምልክት ለተማሪ ምንም አይነግረውም።

ላይብረሪያኗ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። የድርድር ቁልፉን ዛሬውኑ ሞከርኩት፣ 450ው ልብ ወለድ በትክክል ተሰለፈ። ሁለት ነገር ቀረኝ። 1,100ው መማሪያ መጽሐፍ ከዲዊው ውጭ ከሆነ እንዴት ይቀመጥ? ብራናውስ? መዝገብ ላይ እንደ ማንኛውም መጽሐፍ ቁጥር 14 ሆኖ ገብቷል፣ ሌብል ልለጥፍበት ወይ?

ካታሎገር፦
መማሪያውን በክፍል ደረጃ፣ ከዚያ በትምህርት ዓይነት፣ ከዚያ በቅጂ ቁጥር፦ "9 ፊዚ 23"። ለየክፍሉ አንድ ቀለም ጀርባው ላይ ይለጠፍ፤ አራት ቀለም በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ ቢሆን ማንም አያስታውሰውም። ከየርዕሱ ሁለት ቅጂ ግን ከማይወጣው ማጣቀሻ ጋር ይቀመጥ። ሁሉም የተዋሰበት የፈተና ሰሞን እነዚያ ሁለቱ ናቸው የሚያገለግሉት። ሥርዓተ ትምህርቱ የተቀየረባቸውን አሮጌዎቹን ከአዲሱ ጋር አትደርድሪ፤ ተማሪ ልዩነቱን ሳያውቅ አሮጌውን አጥንቶ ይፈተናል። ለብቻ አውጥተሽ ዝርዝሩን ለንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ አቅርቢ። በንብረትነት የተመዘገበ መጽሐፍ ያለ ውሳኔ አይጣልም፣ አይሰጥምም። በእርዳታ የመጣው እንግሊዝኛ ውስጥም ጊዜ ያለፈባቸው የኮምፒውተርና የሕክምና መጻሕፍት አይጠፉም፤ ቁጥር ሰጥተሽ ከመድከምሽ በፊት ከነሱ ጋር አብረሽ አስመዝግቢያቸው።

ጥራዝ፦
ብራናው ላይ ምንም አይለጠፍም፣ ማኅተምም አይመታበትም፣ ስኮችም አይነካውም። ማጣበቂያ ቆዳውን ያጨማድደዋል፣ ማኅተም ቀለሙ ወደ ሌላው ገጽ ያልፋል፤ ሁለቱም አይመለሱም። ቁጥሩን በእርሳስ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ቁራጭ ላይ ጽፈሽ፣ ወረቀቱን ከፊት ሽፋኑ ውስጥ ሳታጣብቂ አኑሪው፤ ያው ቁጥር በሳጥኑ ላይም ይጻፍ። ሳጥኑ መጽሐፉ በአግድም ተኝቶ ሳይጨናነቅ የሚገባበት ይሁን። ማኅደር (የቆዳ መያዣ) ካለው ከነማኅደሩ ይቀመጥ እንጂ አይነጠል። ፀሐይ የማይደርስበት የተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገቢው፤ ከወጥ ቤትና ከውኃ ቱቦ ይራቅ።

ሲነካ እጅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ቅጠሉ ተጣብቆ ከሆነ በኃይል አትለያዪው፣ ቀለሙ ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው ይነሳል። መዝገብሽ ላይ "ቁጥር 14፣ መጽሐፍ" ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ አሟይው፦ የቅጠሉ ብዛት፣ ርዝመትና ስፋቱ በሴንቲ ሜትር፣ በአንድ ገጽ ስንት ዓምድና ስንት መስመር እንዳለ፣ ሥዕል ካለው ስንትና የት ቅጠል ላይ፣ የጎደለ ቅጠል ካለ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያሉት ቃላት። ፎቶም ይነሳ፣ ያለ ፍላሽ። እንዲህ የተገለጸ ብራና ቢጠፋ ተለይቶ ይታወቃል። ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) የብራና መጻሕፍት ስለሚያሰባስብና ስለሚመዘግብ ዝርዝሩን ይዞ ማማከር ይቻላል።

ሀሌታው፦
ብራናው ውስጥ የቀድሞ ባለቤት ስም፣ የውርስ ቃል ወይም የመሬት ነገር በኅዳጉ ተጽፎ ከተገኘ እሱም ይመዝገብ። ብዙ ጊዜ ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ የመጽሐፉን አገርና ዘመን የሚናገረው እሱ ነው። እዚያ ላይ ግን የድርድር ቁልፉን ደንብ አይጠቀሙ፤ ሐመሩም ሆነ ብዙኃኑ፣ ንጉሡም ሆነ እሳቱ፣ ጸሐፊው እንደጻፈው ፊደል በፊደል ይገልበጥ።